«ጣሂር ነው» ማለት «ጤናማ ነው» ማለት ነውን? እጣቢ ውሃና የጓሮ አትክልታችን



ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ውሃ መድፋት ይከብደዋል። ልብስ የታጠበበት፣ ሩዝ የታጠበበት፣ ከውዱእ የተንጠባጠበው ሁሉ በሳፋ ተይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ጎመኑም ይለመልማል፤ ባለቤቱም ኢስራፍ አለመፈጸሙን እያሰበ ደስ ይለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አንድ ሙድ በእኛ መለኪያ ከአንድ ሊትር ያንሳል። ቧንቧ ከፍተን ውዱእ የምናደርግ ሰዎች አንድ ቀን ከሥር ሳፋ አስቀምጠን ያፈሰስነውን ብንለካ ምን ያህል እንደራቅን እናየዋለን። ስለዚህ ውሃን ደግሞ ለመጠቀም ማሰብ በራሱ የሚመሰገን ነው።

ይህን ርዕስ እንድናነሳ ያደረገን ግን የአንዲት እህት ጥያቄ ነው። «የልብስ እጣቢ ጎመኔና ሰላጣዬ ላይ አፈሳለሁ። ውሃው ነጃሳ የለበትም። ታዲያ ልጆቼን ሆዳቸውን የሚያመላልሳቸው ምንድን ነው?» አለችን። ጠጋ ብለን ስንጠይቃት ነገሩ ተገለጠ። በዚያው ሳፋ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ይታጠባል። እጣቢው በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ ሦስትና አራት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ በጣሳ እየተቀዳ ሰላጣው ላይ ከላይ ይረጫል። ሰላጣው ደግሞ የሚበላው በጥሬው ነው። ልጆቹ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሰገራቸው ሲመረመር ጃርዲያ ተገኘባቸው። ጃርዲያው በየትኛው መንገድ እንደገባ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ መንገዱ ግን ከዚህ የበለጠ ክፍት ሊሆን አይችልም ነበር።

እጣቢ ስንል

ከሽንት ቤት በስተቀር ከቤት የሚወጣውን ያገለገለ ውሃ ሁሉ ማለታችን ነው፦ የገላ፣ የእጅና የፊት፣ የልብስ፣ የእቃ እጣቢ። ባለሙያዎች ግራጫ ውሃ ይሉታል። የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ደግሞ ጥቁር ውሃ ብለው ይለዩታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ፍሳሽ አጠቃቀም ባወጣው ባለ አራት ቅጽ መመሪያ ውስጥ አራተኛው ቅጽ ስለዚሁ ግራጫ ውሃና ስለ ሰገራ ለእርሻ መዋል የሚናገር ነው። እጣቢን ለአትክልት ማዋል የድሃ ሰው ብልሃት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በሥርዓት ከተሠራበት ዓለም የተቀበለው ነገር ነው። ችግሩ «በሥርዓት» የምትለው ቃል ላይ ነው።

በግራጫውና በጥቁሩ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። አንድ የሽንት ጨርቅ ሳፋ ውስጥ ከገባ፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው ልብስ ከታጠበበት፣ ልጅ ገላውን እየታጠበ ከሸና፣ ያ ውሃ ስሙ እንጂ ጠባዩ ግራጫ አይደለም።

ጣሂርነትና ጤናማነት

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሻፊዒይ፣ በሐነፊይና በሐንበሊይ መዝሀቦች በታወቀው አቋም ውዱእ የተደረገበት ውሃ በራሱ ጣሂር ነው፤ ሌላውን ግን አያጠራም፣ ማለትም ዳግመኛ ውዱእ አይደረግበትም። በማሊኪይ መዝሀብ ደግሞ የተጠላ ቢሆንም ያጠራል። እንግዲህ ውሃው ልብሳችንን ቢነካ አይነጅሰንም፤ ጓሮ ብናፈሰውም ምንም የለብንም። ይህ የሸሪዓ ብይን ነው።

ይሁንና ፊቅህ ስለ ጣሂርነት ሲናገር የሚመለከተው የውሃውን ቀለም፣ ሽታና ጣዕም፣ የገባበትንም ነገር ነው። በዓይን የማይታየው ተሕዋስ ሦስቱንም ሳይለውጥ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአፋችን የተጉመጠመጥንበት፣ አፍንጫችንን ያጠብንበት፣ ከመንገድ የመጣ እግር የታጠበበት ውሃ ጣሂር ሆኖ ሳለ ለሰላጣ ቅጠል ላይበጅ ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው አያገለግልም።

ዑለማዎቹም ቢሆኑ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1978 የሳዑዲ ዓረቢያ ከፍተኛ ዑለማዎች ምክር ቤት በባለሙያ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ የተጣራ ፍሳሽ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ወደ ነበረበት ከተመለሰ ለጠሃራ ይሆናል ሲል ፈትዋ ሰጥቷል። በዚያው ፈትዋ ግን ለመጠጥ ከሆነ ስለ ጤናና ሰው ስለሚጸየፈው መራቁ የተሻለ መሆኑን ገልጿል። ልብ በሉ፣ የተነገረው በትልልቅ ማጣሪያ ጣቢያ ስላለፈ ውሃ እንጂ በርሜል ውስጥ ስለጠለለ እጣቢ አይደለም።

በነጃሳ ውሃ ስለበቀለ አትክልትም የተባለ አለ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ፍሬው ጣሂር ነው፣ ነጃሳ የነካው ላዩ ግን ይታጠባል ይላሉ። በሐንበሊይ መዝሀብ በታወቀው አቋም ደግሞ ከዚያ በኋላ ንጹሕ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ አይበላም። ይህን አቋም ባነበብን ቁጥር የዘመኑ የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ነገር ትዝ ይለናል። እነርሱም በእጣቢ የሚጠጣን አትክልት ከመሰብሰባችሁ በፊት ለተወሰኑ ቀናት እጣቢውን አቁሙ፣ ፀሐይና ድርቀት ተሕዋሱን ይግደለው ይላሉ። መነሻቸው የተለያየ ቢሆንም ጓሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ወላሁ አዕለም።

የትኛው እጣቢ?

በጣም ቀላሉ የውዱእና የእጅ መታጠቢያው ውሃ ነው። ሳሙናው ጥቂት፣ ቅባቱም ጥቂት ነው። ለሙዝ፣ ለፓፓያ፣ ለአጥር ዛፍና ለአበባ ያለ ብዙ ስጋት መስጠት ይቻላል። በየመስጂዱ በየቀኑ አምስት ጊዜ ወደ ቦይ የሚወርደውን የውዱእ ውሃ ስናይ ያንገበግበናል። በአንድ ትንሽ ቦይ ወደ ግቢው ዛፎች ሥር ቢመራ ማንንም ሳይጎዳ ጥላ ይሆን ነበር። የመስጂድ ኮሚቴዎች ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ሽንት ቤቱና የውዱእ ቦታው አንድ ቱቦ እንዳይጋሩ ብቻ አስቀድሞ መጣራት አለበት።

የልብስ እጣቢ መልከ ብዙ ነው። በእጅ የምታጥብ እናት ብዙውን ጊዜ ሦስት ውሃ ትጠቀማለች። የመጀመሪያው ኦሞ የበዛበት፣ ላብና እድፍ የወጣበት ነው፤ እርሱ ለአትክልት አይሆንም። ሦስተኛው፣ ማለቅለቂያው፣ ለዛፍና ለረጃጅም ተክል ይሆናል። በረኪና የገባበት ከሆነ ግን የትኛውም ዙር ቢሆን ጓሮ አይገባም፤ በረኪና ቅጠል ያቃጥላል፣ አፈሩን የሚያለሙትን ጥቃቅን ሕያዋንም ይገድላል። የሽንት ጨርቅ፣ የወር አበባ ጨርቅና የበሽተኛ ልብስ የታጠበበት ውሃ ሁሌም ቦታው ሽንት ቤት ነው። ይህን ለብቻው በሌላ ሳፋ ማጠብ ግድ ነው።

የወጥ ቤቱ እጣቢ ሰው የሚገምተውን ያህል ንጹሕ አይደለም። ቅባት፣ ጨውና የምግብ ፍርፋሪ አለበት፤ አፈሩን ይደፍናል፣ ይሸታል፣ ዝንብና አይጥ ይጠራል። ከሁሉ የሚያስፈራው የዶሮ እጣቢ ነው። እኛ ዶሮን ደጋግመን በጨውና በሎሚ እያሸን እናጥባለን። ያ ውሃ ደሙን፣ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉትን የተቅማጥ ባክቴሪያዎች፣ ጨውንም ተሸክሞ ይወጣል። የዒድ ቀን ጨጓራና አንጀት የታጠበበትም እንደዚሁ ነው፤ እርሱማ የከብቱ ፈርስ አለበት። እነዚህን ጓሮ መድፋት ለመሬቱም ለልጆቹም ጉዳት ነው። ሩዝ፣ ምስርና አትክልት ብቻ የታጠበበት፣ ጨው ያልገባበት ውሃ ግን እንኳን ደኅና መጣህ የሚባል ነው። እርሱን ከሌላው ሳንቀላቅል ወስደን ማጠጣት እንችላለን።

በርሜሉ

እጣቢ ቀን አይሰጥም። ውስጡ ያለው ሳሙና፣ ቅባትና እድፍ ለባክቴሪያ ምግብ ነው፤ ሞቅ ባለ ቦታ በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ። ጠዋት ንጹሕ የመሰለው በማግሥቱ መሽተት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የተለመደው ምክር ከ24 ሰዓት በላይ አታስቀምጡ የሚል ነው። የዕለቱን ለዕለቱ፣ ካልሆነ መድፋት። «ለሐሙስ ይሆነኛል» ብሎ ከእሑድ ማጠራቀም ቁጠባ ሊመስል ይችላል፤ የሚጠራቀመው ግን በሽታ ነው። ውሃውን በአሸዋና በጠጠር ማሳለፍ ፍርፋሪውንና ፀጉሩን ያስቀራል፤ ተሕዋሱን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። «አጥልዬዋለሁ» የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

ድሬዳዋና ጅጅጋ ላሉ ወገኖቻችን ሌላም ጣጣ አለ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤትና በግቢ ዕቃ ውስጥ በተቀመጠ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው የውጭ አገር የወባ ትንኝም እንዲሁ በበርሜልና በሮቶ የምትራባ ናት። ትንኟ በተለይ የምትወደው ጠራ ያለውን ውሃ ነው። የቆሸሸውን ደግሞ የሚወዱ ሌሎች የትንኝ ዓይነቶች አሉ። ከዚህ የተነሳ ክዳን የሌለው በርሜል በየትኛውም ውሃ ቢሞላ የትንኝ ቤት ነው።

የውሃ ጎማው ጫፍ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ለጎረቤት ይተርፋል። በብዙ ግቢ ውስጥ የሚታይ ነገር ነው፦ ጎማው ከቧንቧው ይያያዝና ጫፉ በርሜል ወይም ሳፋ ውስጥ ይነከራል። ውሃ ሲመጣ ይሙላ ብለን ቧንቧውን ከፍተን እንተወዋለን። ውሃ በፈረቃ ሲቋረጥ ግን መስመሩ ባዶውን ይቀራል። ታች ሰፈር ያለ ሰው የቀረውን ሲቀዳ ከላይ ባለው ቱቦ ውስጥ መሳብ ይፈጠራል። በገለባ ለስላሳ እንደሚጠጣ ሰው ማለት ነው። የተነከረው ጎማ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ወደ መስመሩ ይስባል። በርሜሉ ንጹሕ ውሃ ከያዘ ችግሩ ቀላል ነው። እጣቢ ከያዘ፣ በሚቀጥለው ፈረቃ የኛ የልብስ እጣቢ በጎረቤት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገኛል። ጎረቤትን አለማወክን በሚያዝ ዲን ውስጥ እየኖርን ሳናውቅ የምናደርሰው በደል ነው።

መፍትሔው ወጪ የለውም። የጎማው ጫፍ ምንጊዜም ከውሃው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። እጣቢ የሚያዝበት በርሜል ከመጠጥ ውሃው ይለይ፤ ቀለም ይቀባ ወይም ምልክት ይደረግበት፣ ጎማም በጭራሽ አይግባበት። ከፈረቃ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ደግሞ ለመጠጥ አንቅዳው። ደፍርሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳይደፈርስ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። እርሱን በባልዲ ይዘን ለጎመኑ እንስጠው። እንግዲህ ጓሮው ከእጣቢ የተሻለ ውሃ አገኘ ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው ደግሞ እጣቢ የሚደፋበትን ቦታ ከጉድጓዱ ያርቅ፤ ለሽንት ቤት ጉድጓድ በተለምዶ የሚመከረው 30 ሜትር ርቀት ለዚህም ጥሩ መለኪያ ነው። ቁልቁለት ከሆነ እጣቢው ከጉድጓዱ በታች በኩል ይፍሰስ።

ምን ላይ፣ እንዴት?

አትክልትን በሦስት ከፍለን እንየው። በጥሬው የሚበላና ለመሬት የቀረበ፦ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። እነዚህ ላይ እጣቢ አይፈስም፤ በቃ። ጫትን በተመለከተ በዚህ ዓምድ ብዙ መናገር አንፈልግም፤ በጥሬው፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ የሚታኘክ ቅጠል መሆኑን ግን ተጠቃሚው ያውቃል። ሁለተኛው ክፍል በስሎ የሚበላ ነው፦ ሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ድንች። ለእነዚህ ቀላሉን እጣቢ ሥራቸው ላይ ማፍሰስ ይቻላል፤ ቅጠሉ ላይ አይረጭም። ሦስተኛው ፍሬው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ዛፍ ነው። ከሁሉም የሚመቸው ሙዝ ነው፤ ውሃ አይጠግብም፣ ፍሬውም በልጣጭ ተሸፍኖ ይመጣል። አቮካዶና ብርቱካን ግን ጨው አይወዱም፤ የሳሙና ውሃ ሲደጋገምባቸው የቅጠላቸው ጫፍ ይቃጠላል።

አጠጣጡም ቁም ነገር አለው። በቆርቆሮ ቀዳዳ ወይም በጎማ ወደ ላይ መርጨት ተሕዋሱን ቅጠል ላይና አየር ላይ ይበትነዋል፤ የሚያጠጣውም ሰው ይተነፍሰዋል። ከተክሉ አጠገብ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፍሮ ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ሞልቶ ውሃውን እዚያ ማፍሰስ ይሻላል። ውሃው ወዲያው ሰርጎ መግባት አለበት። ላዩ ላይ ከተኛ፣ ወደ መንገድ ከፈሰሰ፣ ብዛቱ ከመሬቱ በላይ ነው ማለት ነው። ሕፃናት በዚያ ጭቃ እንዳይጫወቱ፣ ያጠጣው ሰውም እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ያስፈልጋል። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላልና «ትናንት ነው የተደፋው፣ ደርቋል» ማለት አይበቃም።

አፈሩም ይታመማል

የዱቄት ሳሙና ሶዲየም የሚባል ጨው ይዟል። ሶዲየም በጭቃማ አፈር፣ በተለይ በመረሬ ላይ ሲጠራቀም አፈሩን ያጣብቀዋል፤ ውሃ አያስገባም፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ምልክቱ ላዩ ላይ የሚታይ ነጭ ቅርፊት፣ የቅጠል ጠርዝ መቃጠልና የተኛ ውሃ ነው። ይህን ያየ ሰው እጣቢውን ለአንድ ወቅት ያቁም፤ ኮምፖስት ይጨምርበት፤ የክረምቱ ዝናብ ጨውን ያጥበዋል። ካላየም ቦታ እየቀያየረ ማጠጣት፣ በመሀልም ንጹሕ ውሃ መስጠት ያስፈልገዋል።

ከጓሮ ወደ ማዕድ

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስሌት፣ አትክልትን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ከመቶው ተሕዋስ 90 ያህሉን ያስወግዳል። ልጣጩን ማንሳት ወይም በፀረ ተሕዋስ መዘፍዘፍ 99 ያህሉን ነው። ማብሰል ግን ከሚሊዮን አንድ እንኳ እምብዛም አያስቀርም። 90 ትልቅ ቁጥር ይመስላል፤ ቅጠሉ ላይ አሥር ሺህ ቢኖር ግን አንድ ሺህ ይቀራል። ለጃርዲያ ደግሞ በጣም ጥቂቱ ይበቃዋል። ሎሚና ኮምጣጤ ይቀንሱት ይሆናል እንጂ አያጠፉትም። በረመዷን የኢፍጣር ማዕዳችን ላይ ሰላጣ ስለማይጠፋ፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደጠጣ መጠየቅ የባለቤቷ መብት ነው። ከገበያ የተገዛውም ቢሆን ከዚህ አይወጣም፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር በወንዙ ውሃ የሚለማ አትክልት አዲስ አበባ ገበያ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ሁሉም ሳይታጠብ በአንድ ሳፋ ከሚነከር ቅጠል በቅጠል ተለያይቶ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት ግን ምንጩ ያልታወቀ ሰላጣን ትቶ የበሰለ ቆስጣ ማቅረብ ይመረጣል።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው በመጀመሪያ የሚፈለገው የጠፋውን ፈሳሽ መመለስ ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በማንኪያ ደጋግሞ መስጠት ነው፤ የሚጠባ ከሆነም ጡት አይቋረጥም። ሰገራው ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ከደረቀበት፣ የጠጣውን ሁሉ ከመለሰ ወይም ከደከመ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሐኪሙ ሲጠይቅም «ጓሯችንን በምን እንደምናጠጣ» መንገር አይዘንጋ።

ያቺ እህታችን አሁን ሦስት ሳፋ አላት። አንዱ ቀይ ነው፤ ከሽንት ጨርቅ በስተቀር ምንም አይገባበትም፣ ውሃውም ሽንት ቤት ይደፋል። በርሜሏን ለዝናብ ውሃ አድርጋ ከደነችው። ሰላጣውን ነቅላ በቦታው ሙዝ ተክላለች።